ባሱ የጠፋበት ወንበር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ከአባባ ኩርፊያና ከእኔ ወገብ በቀር ደህና ነን። የላክኸው ሹራብ ደርሶ ለአባባ ልክክ ብሏቸዋል፤ እጅጌው ብቻ ረዝሞባቸው አሳጥሬላቸዋለሁ። ልብስ ሰፊ እህት እያለችህ ሰው የሠራውን ገዝተህ መላክህን ግን ልብ ብያለሁ፣ ቂሙን ይዤልሃለሁ።

«ቴፑ እንዴት ነው? አባባ ይከፍቱታል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፍተው ወዲያው ይዘጉታል። በክረምቱ መጨረሻ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ ባሱ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ጠፍቷል። እኔ መጀመሪያ አላስተዋልኩም፤ ለእኔ ዘፈን ሁሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር የሚንጫጫ ነገር ነው። አባባ ግን ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ያቺ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ ቀኑ ቀን አይመስላቸውም። ያን ሁሉ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የሞተሩን ጤና በእግራቸው መርገጫ ነበር የሚያውቁት፤ ዘፈንም ከታች ካልጎረመረመ ዘፈን አይደለም ባይ ናቸው። አሁን «ዘፋኙ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ነው የሚዘፍነው» ይላሉ። የሰፈር ሠራተኛ ጠርቼ ላሳይ ብላቸው፣ «ጆሮ እያለልኝ?» አሉኝ፤ አንተን ማለታቸው ነው። እስካሁን በዚያ ስም ነው የሚጠሩህ። ደግሞም የስፒከሮቹን ሳጥኖች ጓሮ ውስጥ አንተና እሳቸው አብራችሁ ነው የሠራችኋቸው፤ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይፈልጉም።

ሌላው ነገር ስልኩ ነው። ለምንድን ነው የማታነሳው? ባለፈው አባባ ደውለው ደውለው ሲታክታቸው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ሥራ ላይ ነው» አሉ። ቀኑ እሑድ ነበር። አባባ ቅር ሲላቸው እንደማይናገሩ ታውቃለህ፤ ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላቸው። እዚያ ትልቅ ከተማ ሰው ሆነህ የረሳኸን መስሏቸው ይፈራሉ። እኔም አልዋሽህም፣ አንዳንዴ እፈራለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 19

ውድ እታለም፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ ስልኩ ይቅርታ። ስቱዲዮ ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፣ ቤት ስገባ ደግሞ ድክም ይለኛል፤ ስልኬም ራሱ አርጅቷል። ደብዳቤ ይሻላል፣ ሰው አስቦ ነው የሚናገረው። እናንተ ጋ ሳለሁ ስላየሽብኝ ራስ ማዞርም አትጨነቂ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ግድግዳ የያዝኩት ቁርስ ሳልበላ ስለመጣሁ ነው።

ወደ ቴፑ እንምጣ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ። ማጉያው ፊት ላይ ያለችው የባስ መዞሪያ ወደ ግራ ተጠምዝዛ እንደሆነ እዪ፤ ስትወለውዪ ጨርቅሽ ገፍቷት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ስፒከሮቹ የት እንደቆሙ እዪ። ግድግዳ ተጠግተው የነበሩ ስፒከሮች ወደ መሀል ከተሳቡ ባሳቸው ይቀንሳል፤ ለመጥረግ ስበሻቸው ከነበረ ወደ ቦታቸው መልሻቸው። ከዚያ ዘፈን ክፈቺና መዳፍሽን በየተራ ወረቀቱ ፊት አድርጊ። ወረቀት የምልሽ መሀል ላይ ያለውን ጥቁሩን፣ ጎድጓዳውን ነው። ሁለቱም እኩል ከተርገበገቡ አንዳቸውም አልተቃጠሉም ማለት ነው። በመጨረሻ ድምፁን ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው የምታዞረውን የባላንሷን መዞሪያ አንዴ እስከ ቀኝ ጥግ፣ አንዴ እስከ ግራ ጥግ አዙሪና አባባ ምን እንደሚሉ ጻፊልኝ።

አባባን ሥራ በዝቶበት ነው በያቸው። ውሸት አይደለም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 30

ይድረስ ለወንድሜ፣

ያዘዝከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ አንተም የምጠይቅህን ትመልሳለህ።

መዞሪያዋ ደህና ነች። ስፒከሮቹ ከግድግዳው ንቅንቅ አላሉም፤ ለመጥረግ የሚስባቸው የለም፣ ስንፍናዬን ታውቃለህ። መዳፌን ሳስጠጋ ሁለቱም ይርገበገባሉ። ባላንሱ ላይ ግን ጉድ መጣ። ወደ ቀኝ ሳዞረው ባሱ ከተፍ አለ። ወደ ግራ ሳዞረውም እንደዚያው። መሀል ላይ ስመልሰው ጥፍት። አባባ ከወንበራቸው ሳይነሱ «እንደ አክስቶችሽ ናቸው» አሉ፤ «ለየብቻ ሲሆኑ ጨዋታቸው አይጠገብም፣ አንድ ቤት ከተገናኙ ግን ይቺ ያለችውን ያቺ ታፈርሰዋለች።» ሲቀልዱ ከሰማኋቸው ቆይቼ ነበርና ሳቅኩ። ደግሞ የሚገርመው፣ እኔ መኪናዬ አጠገብ፣ በሩ ጋ ሆኜ ስሰማ ባሱ ትንሽ ትንሽ አለ። እሳቸው ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው የሚጠፋው።

ይህን ስነግራቸው አንድ ነገር አወጡ። ባሱ የጠፋው ቀስ በቀስ አይደለም፤ አይጥ የበላውን የስፒከር ሽቦ ቀይረህ በሄድክ ማግስት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ «ልጁ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰላም ነው አለኝ። እሱ ሰላም ነው ካለ የደከመው የእኔ ጆሮ ነው ብዬ ነዋ» አሉኝ። ስንት ቀን ብቻቸውን እዚያች ወንበር ላይ አርጅቻለሁ ብለው ተቀምጠዋል። እኔ እኮ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብዬ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ምንም አላወቅኩም።

አሁን የስልኩን ነገር። ማክሰኞ ዕለት አንስተህላቸዋል፤ ደስ ብሏቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ድምፅህ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «መቼ ትመጣለህ?» አሉህ። «ደህና ነው» አልክ። «ሥራስ እንዴት ነው?» አሉህ። «እሺ አባባ፣ እሺ» አልክና ዘጋህ። ስልኩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እራት ሳቀርብላቸው፣ «ሌላ ነገር እያየ ነው የሚያናግረኝ፤ ንቆኛል» አሉ። አባታችንን ታውቃለህ፣ እንዲህ ያለ ቃል በዋዛ አያወጡም። ሁለተኛ አልደውልም ብለዋል፤ ካሉ ደግሞ አሉ ነው።

ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል? ከሰው ተጣልተህ ነው? አንዲት ልጅ አለች እንዴ? ልጅ ብትሆን እንኳ ደስ ይለን ነበር።

እህትህ


ኅዳር 11

እታለም፣

አልናቅኳቸውም። መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ አንብቢላቸው። መስመሩ መጥፎ ስለነበር ንግግራቸው ይቆራረጥብኝ ነበር፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። ልጅ የለችም። ከማንም አልተጣላሁም። አለቃዬ ከመቅረጫ ክፍል ወደ ዕቃ ክፍል አዛውሮኛል። ገመድ እጠቀልላለሁ፣ የተበጠሰውን እቀጥላለሁ። ገመድ ሲጠቀለል አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ሌላውን ወደ ውስጥ እየገለበጡ ካልሆነ ይጣመማል፤ እጄ ለምዶታል፣ ሐሳብ አይጠይቅም። ለምን እንዳዛወረኝ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

የስፒከሩን ነገር ግን አገኘሁት መሰለኝ። ስፒከር ማለት አየር የሚገፋና የሚስብ ነገር ነው። ሁለቱ አብረው ሲገፉ፣ አብረው ሲስቡ ባሱ ይደመራል። የአንዱ ሽቦ ተገልብጦ ፕላሱ ማይነሱ ቦታ ከገባ ግን፣ ይሄ ሲገፋ ያ ይስባል፤ መሀል ላይ ይጠፋፋሉ። ቀጭን ድምፅ እምብዛም አይጎዳም፣ ወፍራሙ ነው የሚሞተው። ይበልጥ የሚሞተውም ልክ በሁለቱ መካከል፣ አባባ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ አባባ ልክ ናቸው። ጆሯቸው ምንም አልሆነም፤ ይህንንም አደራ ንገሪልኝ።

የምታረጋግጪው እንዲህ ነው። ማጉያውን ከሶኬቱ ንቀይ። ከጀርባው የሁለቱንም ስፒከሮች ሽቦ ፍቺ። አንድ ባትሪ ድንጋይ ያዢ፣ ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛት ትበቃለች። ነጭ መስመር ያለበት ሽቦ የቤታችን ፕላስ ነው፤ እሱን በድንጋዩ አናት፣ መስመር የሌለውን በግርጌው አስነኪ። አስነኪ ነው ያልኩሽ፣ ያዢው አላልኩም፤ ወዲያው አንሺ። አባባ ፊት ለፊት ሆነው ወረቀቱን ይመልከቱ። ብቅ ካለ ደህና ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ያ ስፒከር ተገልብጧል። ዓይን አይዋሽም። የተገለበጠውን ብቻ ማጉያው ላይ አቀያይሪ፤ ሁለቱንም ካቀያየርሽ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

እታለም፣

ዘገየሽብኝ። ድንጋዩን ይዘሽ አልቆየሽም አይደል? ስፒከሩ ቢቃጠልም ግድ የለም፣ ሌላ እልካለሁ። አባባ አሁንም እንደተቀየሙ ናቸው? አንድ መስመር እንኳ ብትሆን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ወንድሜ፣

ስፒከሩ አልተቃጠለም። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ግራ ገብቶኝ ነው።

እንዳልከው አደረግን። አባባ መነጽራቸውን አጥልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ድንጋዩን ይዤ ከማጉያው ጀርባ ተጎለትኩ። የቀኙ ብቅ አለ። የግራው ወደ ውስጥ ገባ። ደገምነው፣ ያው ነው። ደስ ብሎኝ ላቀያይር ስል አባባ ቆይ አሉኝና ሽቦውን በእጃቸው እየተከተሉ ከሶፋው ኋላ ሄዱ። አይጥ የበላውን ቆርጠህ በአዲስ ሽቦ የቀጠልክበትን ቦታ አገኙት፤ የጠቀለልክበትን ጥቁር ናስትሮ በምላጭ ቀደዱት። አዲሱ ሽቦ መስመር የለውም፣ ውስጡ ካሉት ሁለት ክሮች አንዱ ቀይ መዳብ ነው፣ አንዱ ነጭ። አንተ ነጭ መስመር ያለበትን ከነጩ ጋር አያያዝክ፣ ስፒከሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ ቀዩን ክር የስፒከሩ ቀይ መግቢያ ላይ፣ ፕላሱ ላይ፣ አሰርክ። ነጭ ከነጭ፣ ቀይ ከቀይ። ለሚያየው ሰው አንድም ስሕተት የለውም። የቤታችን ፕላስ ግን ነጩ ነው፤ ያን ጊዜ ጓሮ ውስጥ ሳጥኑን ስትሠሩ እንዲህ ይሁን ብላችሁ የወሰናችሁት እናንተው ናችሁ።

«ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አልኳቸው።

«እጁማ ይሳሳት ነበር» አሉኝ፤ «እጁ ሲሳሳት ጆሮው ያርመዋል።»

ከዚያ ያን ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ምን እንዳልክ አስደገሙኝ። ዓይንህን ጨፍነህ፣ ራስህን ነቅነቅ አድርገህ፣ ሰላም ነው እንዳልክ ነገርኳቸው። ደብዳቤዎችህን አምጪና አንብቢ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ስጨርስ፣ ይህ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ ‹ስሚ፣ ስሚ› እያለ ሲያደርቅሽ ነው የኖረው፣ እዚህ ውስጥ አንድ ቦታ ስሚ ብሎሻል ወይ አሉኝ። እንደገና አየሁት። እዪ ብለሃል። መዳፍሽን አድርጊ ብለሃል። አባባ ምን እንደሚሉ ጻፊልኝ ብለሃል። ስሚ አላልክም። መቼ ትመጣለህ ሲሉህ ደህና ነው ያልከውም ትዝ አለኝ።

አባባ ይህን እንዳልጽፍልህ ከልክለውኛል። ራሱ ይንገረን፣ ካልነገረን ምክንያት አለው ነው የሚሉት። እኔ ግን እህትህ ነኝ፣ እንዲያ ያለ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ትሰማለህ ወይስ አትሰማም?

ሽቦውን አስተካክለነዋል፤ ባሱ ተመልሷል። አባባ አንድ ዘፈን እንኳ ሳያስጨርሱ ዘጉት።

እህትህ


ታኅሣሥ 24

እታለም፣

አልሰማም።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ሳየው ቆየሁ። ለሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሐኪሙን ካልቆጠርሽው።

የግራው ጆሮዬ ከናካቴው የለም። በቀኙ፣ ሰው ፊት ለፊቴ ሆኖ ቀስ ብሎ ሲናገር፣ ከንፈሩንም እያየሁ፣ ይገባኛል። ስልክ ላይ የወንድ ድምፅ ጉም ነው የሚሆንብኝ። አባባ ያን ቀን ምን እንዳሉኝ ያወቅኩት ካንቺ ደብዳቤ ነው። መቼ ትመጣለህ ነው ያሉኝ? እኔ እኮ ስለ ጤናዬ የጠየቁኝ መስሎኝ ነው። መጀመሪያ ሁልጊዜ ጤናዬን ነበር የሚጠይቁኝ፣ በልማድ መለስኩላቸው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ መልሼ ልደውል ስልኩን አነሳሁ፤ ደውዬስ ምን እላለሁ ብዬ አስቀመጥኩት።

የሄደብኝ ከታች፣ ከወፍራሙ ድምፅ ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው ላይ ቀጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው፣ ያንተ ተገላቢጦሽ ነው አለኝ ሐኪሙ። ራስ ማዞሩም ከዚያው ጋር የመጣ ነው፤ ስለ ቁርሱ ዋሽቼሻለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ባሱ አነሰብኝ እያልኩ እጨምራለሁ፣ ሙዚቀኞቹ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ ብለው ይጮሃሉ፣ እኔ ደግሞ የደነቆራችሁት እናንተ ናችሁ ብዬ እጣላቸዋለሁ። ከስንቱ ጋር ተጣላሁ። አለቃዬ ደህና ሰው ነው፤ በሰው ፊት ሳያዋርደኝ ወደ ገመዱ ወሰደኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የጀመረኝ ከእናንተ ዘንድ ከተመለስኩ በኋላ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እናንተ ጋ የቆየሁበት ሳምንት የመጨረሻው ደህና ሳምንቴ ነው፣ አባባ ወንበር ላይ ሆኜ ያደመጥኩት ዘፈን ሙሉውን የሰማሁት የመጨረሻ ዘፈን ነው እያልኩ በሱ ስጽናና ከረምኩ። አንቺ ስለ ሽቦው የጻፍሽልኝ ቀን እሱም ሄደ። ያኔም ባሱ አልነበረም። ዘፈኑን በቃሌ ስለማውቀው የጎደለውን ራሴ ሞላሁት እንጂ፣ አልሰማሁትም። ሰላም ነው ብዬ ተነሳሁ፤ አባባ ደግሞ እኔን አምነው የራሳቸውን ጆሮ ጠረጠሩ። ከሁሉም እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ለአባባ አታንብቢላቸው። ጠርጥረው ከሆነ ጠረጠሩ፤ እርግጡን ግን ከእኔ እጅ አይወቁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ለባልደረቦቻቸው ሁሉ «ይሄ ጆሮ ነው፣ የትኛው ጎማ እንደላላ ከመንገድ ዳር ሆኖ ይነግረኛል» እያሉ ነበር የሚያስተዋውቁኝ። ከእንግዲህ ምን ብለው ይጠሩኛል? ንቆኛል ብለው ቢቀየሙኝ ይሻላል ብዬ ነበር። ቅያሜ ይሽራል፣ ይሄ ግን አይሽርም።

አትምጪ። ማንም አይምጣ። ሲመቸኝ እኔው እመጣለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 3

ወንድሜ፣

ይህችን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የአባባ የድሮ ባልደረባ ነው፤ አሁን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል። ፖስታ ቤቱ አይደርስልኝም ብዬ በእጁ ሰጠሁት።

ደብዳቤህን አንብቤላቸዋለሁ። አደራዬን በላሽ በለኝ፣ ስድብህን እችለዋለሁ። አንተ ብቻህን ተሸክመኸው እኔም ብቻዬን ልሸከመው? «አልሰማም» ያልካት ላይ ስደርስ አባባ ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው አነበቡት። መጨረሻው ላይ ደርሰው ከላይ ጀመሩት። ከዚያ አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ ያየሁት እማማ ያረፈች ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ፊታቸውን አዙረው ነበር፣ አሁን አላዞሩም። ቀጥለው ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ።

«እኔ የደከመው የእኔ ጆሮ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ እሱም ጆሮውን ደብቆ ዝም አለ። ዝም ዝም ስንባባል ልጄ ብቻውን ደነቆረ።»

ተነሱና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሻንጣቸውን አወረዱ። ማንም አይምጣ ብሏል እኮ ብላቸው «እኔም አልሰማሁም» አሉኝ። በዚህ መሀል የሚቀልዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከዚህ ሰፈር ርቀው አያውቁም፤ ተሳፋሪ ሆነው አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ እንደሚያንገበግባቸው ታውቃለህ። ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ሲረግጡ፣ ሹፌሩን ሲያርሙ፣ መንገድ ላይ እንዳያወርዷቸው ፈርቻለሁ። አብሬ ልሂድ ብላቸው አንቺ ሥራሽን ሥሪ አሉኝ። ለብቻቸው ሊያገኙህ ነው የፈለጉት፣ ገብቶኛል። ምን ሊሉህ እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ምን ብለው ይጠሩኛል ብለህ ነበር። ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ራሱ አናደዳቸው። ልጄ እለዋለሁ እንጂ ሌላ ምን ልለው ነው አሉ፣ ሸሚዛቸውን እያጣጠፉ።

አድራሻህን በትልልቁ ጽፌ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ሰፍቼላቸዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። መናኸሪያ እንዳትወጣ፤ እንዲቀበሉኝ አልፈልግም፣ በራሴ እገባለሁ ብለዋል፣ ክብራቸውን ጠብቅላቸው። ሲናገሩህ ቀስ እንዲሉ፣ ፊት ለፊትህ እንዲቆሙ ነግሬያቸዋለሁ። ይረሱታል፤ አንተ አስታውሳቸው፣ አትፈር።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሐሙስ ዕለት በርህን እንዳትዘጋ። ቢያንኳኩ አትሰማቸውም። አባባ ደግሞ ምክንያቱን እያወቁ እንኳ፣ ልጃቸው ደጅ ሳይከፈትላቸው መቆምን አይችሉትም። ወለል አድርገህ ክፈተውና ጠብቃቸው።

እህትህ